የተጀመረው የእጅ ሥራ ይፈጸም፤ የበዓሉም ድግስ በጊዜው ይጀመር

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው የአገራችን ተረት በትልቁም በትንሹም አፍ የሚነገር ነው። ቃሉን ሲሰሙት ስለ ልብስ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ምሥጢሩን ለሚመረምር ሰው ከልብሱ ይልቅ ስለ ጊዜ የሚያስተምር ሆኖ ይገኛል። የሥራ ሁሉ ዋጋው የሚታወቀው በተፈለገበት ቀን ተፈጽሞ ሲገኝ ነውና። ያማረ ፈትል በልቃቂቱ ተጠቅልሎ ሳለ በዓሉ ቢያልፍ፥ ለባለቤቲቱ ድካሙ ይቈጠርላታል እንጂ ክብሩ አይደርሳትም። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፥ የበዓሉ ድግስ በሚጀመርበት ወራት የቆየውን የእጅ ሥራ እንዴት ለመፈጸም እንደሚቻል ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

ለነገራችን ምሳሌ እንዲሆኑን ከደብረ ታቦር ወዲያ ያሉትን አገሮች፥ ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን እንውሰድ። እነዚህ አገሮች ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ናቸው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ በአጠገባቸው ቆሞ ብርዱን ያወርድባቸዋል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫም ጠባዩን በስሙ ይናገራል። ከዚያ በታች ጋይንት በአርብ ገበያ፥ በስማዳም በወገዳ በኩል የተጓዘ ሰው፥ ደጋው እያደር ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ቆላ ሲወርድ ያያል። እስቴም እንዲሁ ከመካነ ኢየሱስ ደጋ ተነሥቶ እስከ ዐባይ ገደል ይደርሳል። ደጋው የበግና የገብስ አገር ስለ ሆነ ለባና የሚሆነው የበግ ጠጉርና ለጠላ የሚሆነው ብቅል ከደጅ ይገኛል። ጥጥ ግን የቆላ ተክል ስለ ሆነ ለደገኛው በገንዘብ ከገበያ የሚመጣ ነው። እንግዲህ የተገዛ ጥጥ ሳይፈተል፥ ወይም ተፈትሎ ሳይሸመን በቤት ጥግ ሲቀር፥ ከጥጡ ጋራ ገንዘቡም አብሮ ተኝቷል ማለት ነው።

በየቤቱ ሥራ ተጀምሮ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው ቢባል፥ ሁልጊዜ ስንፍና ነው ማለት አይገባም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሰውን በቤት ስለሚያውል ሴቶች እንዝርታቸውን ያነሣሉ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ስንደዶውና አክርማው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ፈትሉ ወደ ጎን ይቀመጥና ስፌት ይጀመራል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ አጨዳው፥ ክምሩና ውቂያው ይከተላል። ለአጫጁና ለወቂው እንጀራውንና ጠላውን ማቅረብ የሴቲቱ ዕዳ ስለ ሆነ፥ ስፌቱም እንደ ፈትሉ ይጣላል። በዚህ ላይ አዲስ ሥራ ከአሮጌው ይልቅ ዓይን ይስባል፤ ጎረቤት የያዘችው የአለላ መልክ አምሮ ሲታይ፥ በቤት ያለው ግማሽ ሙዳይ ይረሳል። እንዲህ እየሆነ በአንድ ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ጅምር ሥራ ሲከማች፥ ባለቤቲቱ ዓመቱን ሁሉ ስትሠራ ከርማ በበዓል ቀን የምታሳየው አንድ እንኳ ፍጹም ነገር ታጣለች።

አሁን ቀኑን እንቍጠር። የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 ቀን አንሥቶ ጥምቀት እስከሚውልበት እስከ ጥር 11 ቀን ያለው 56 ቀን፥ ማለት ስምንት ሳምንት ነው። ከዚህ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ፥ ኅዳር 21 ቀን ጽዮን፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል፥ ሌሎችም ሥራ የማይሠራባቸው በዓላት ሲቀነሱ፥ ለሥራ የሚተርፈው ከ40 ቀን ያነሰ ነው። ገና በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም በ28 ቀን ስለሚውል፥ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ከ12 ወይም ከ13 ቀን አይበልጥም። እንግዲህ ሁለት ታላላቅ ድግሶች፥ የመኸሩ መክተቻና የልብሱ ማድረሻ ሁሉም ባንድ ወራት ይገናኛሉ። ይህን ቍጥር አስቀድማ በልብዋ የያዘች እመቤት ሥራዋን ትመራለች፤ ያልያዘችውን ግን ሥራው ይመራታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚገባው፥ ያለውን ጅምር ሥራ ሁሉ ከየሣጥኑና ከየጓዳው አውጥቶ በብርሃን መመልከት ነው። ከዚያም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል ወደ ሌላ ሰው እጅ መሄድ ያለበት ነው፤ ይህም ለሸማኔ ወይም ለሰፊ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው በገዛ እጅ በጥቂት ቀን የሚያልቀው ነው። ሦስተኛው በዚህ በዓል ፈጽሞ የማይደርሰው ነው። ለሌላ ሰው የሚሰጠው ከሁሉ በፊት ከቤት ይውጣ፤ የሌላ ሰው ጊዜ እንደ ገዛ ጊዜ አይታዘዝምና። የማይደርሰውም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፥ አይጥ ከማይደርስበት ስፍራ ሳይጸጸቱ ይቀመጥ። ይህን ማድረግ ሥራን መተው አይባልም፤ የሚደርሰውን ከማይደርሰው መለየት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

የጥጡ ነገር እንዲህ ነው። ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ የተነደፈው ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለውም በልቃቂት ይሰበሰባል። በታኅሣሥ አጋማሽ ያልተዳመጠ ጥጥ ይዛ ለጥምቀት ነጠላ አደርሳለሁ የምትል ሴት ራስዋን ታታልላለች። ባዘቶ ያላት ግን ብትተጋ ይሆንላታል፤ ልቃቂት ያላትም ዛሬውኑ ቈጥራ ለሸማኔው ታሳየው። ድር የሚሆነው ፈትል ቀጥኖ ጠንክሮ የከረረ፥ ማግ የሚሆነው ደግሞ ለስለስ ያለ መሆን አለበት። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፥ ማጉን ከእጅ ፈትል ስለሚያደርጉት፥ ፈትሏ ያነሰባት እመቤት ማጉን ብቻ ፈጽማ ድሩን ብትገዛ ሥራዋ በግማሽ ይቀልላታል። ደግሞም ያለው ፈትል ለነጠላ የሚበቃ ከሆነ፥ ጋቢ ይሁንልኝ ብሎ ማቆየት አያስፈልግም፤ ጋቢ አራት ንብርብር ስለ ሆነ ብዙ ፈትል ይፈጃል፥ ምኞቱም ሥራውን ወደ ሌላ ዓመት ያሻግረዋል።

የበግ ጠጉር ነገር ከጥጥ ይልቅ ያስቸኩላል። ጥጥ በደረቅ ስፍራ ቢቀመጥ ይቈያል፤ ጠጉር ግን ብል አለበት። ስለዚህ ታጥቦና ደርቆ የተቀመጠ ጠጉር፥ ወይም የተፈተለ የባና ፈትል ያለበት ቤት፥ በፀሐይ አውጥቶ አራግፎ መመርመር አለበት። አንዳንድ ሰው ባና ለበዓል ጌጥ አይሆንም ብሎ ሥራውን ወደ ኋላ ያደርገዋል። ነገር ግን በከተራ ሌሊት ታቦቱ በወረደበት ሜዳ የሚያድረው ሕዝብ፥ የጥር ውርጭ በጉና ግርጌ ምን ያህል እንደሚበረታ ያውቃል። በዚያ ሌሊት ከሽማግሌ ትከሻ ላይ ካለው ባና የሚበልጥ ጌጥ አይገኝም። ነጭ ነጠላ ለቀኑ፥ ባና ለሌሊቱ እንደሚያስፈልግ አስባ ያዘጋጀች ቤተ ሰቧን አክብራለች።

ስለ ስፌትም ምክራችን አጭር ነው፤ ለድግሱ የሚያገለግለው አስቀድሞ ይፈጸም። እህል የሚበጠርበት ሰፌድ ጠርዙ ሳይታሰር ከቀረ ገብሱ በምን ይበጠራል? ክዳኑ ያላለቀ መሶብስ እንጀራውን እንዴት ይሸፍናል? ስለዚህ ከሙዳዩና ከግድግዳ ጌጡ በፊት ሰፌዱ፥ መሶቡና አገልግሉ ይቅደም። ከመስከረም ጀምሮ የደረቀ አክርማ ወስፌ ሲገባበት እንዳይሰበር በውኃ አርሶ መስፋት ያስፈልጋል። አለላው ያለቀባት እንደ ሆነ፥ መልኩ ከቀድሞው የሚለይ ቀለም ከመሐል ከማስገባት፥ የቀረውን ባልቀለመ አክርማ መፈጸም ይሻላል።

በከተማ ያሉ ወይዛዝርትና የትምህርት ቤት ልጆች ሹራብና ኪሮሽ ስለሚሠሩ ለነርሱም አንድ ቃል እንጨምር። ሹራብ ከመሐል ሲቋረጥ የሚጎዳው፥ በስንት ቍጥር መርፌ እንደ ተጀመረና ስንት ዐይን እንደ ነበረው ሲረሳ ነው። ስለዚህ ሥራውን የምታቆም ሴት ይህን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ከክሩ ጋራ ታያይዘው። ክሩም ሲገዛ ለሙሉ ሥራው የሚበቃ ባንድ ጊዜ ይገዛ፤ አንድ መልክ የሚባለው ክር በሌላ ጊዜ ከተነከረ ቀለሙ በጥቂቱ ስለሚለይ፥ እጅጌው ከደረቱ ሳይመሳሰል ይቀራልና። ለእናቱ የተጀመረው ሹራብ ሳያልቅ ሕፃኑ ያደገበት እንደ ሆነ ደግሞ፥ ወይ ፈትቶ እንደ ገና መሥራት ወይም ለታናሹ መስጠት ነው እንጂ እንደ ተቋረጠ ማስቀመጥ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። የድግስ ሥራ ጠባዩ ልዩ ነው፤ እጅ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት፥ እርሾ የሚሠራበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ለብቅል የሚሆነው ገብስ አንድ ቀን ያህል በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ ሲበቅል በፀሐይ ይሰጣል። ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱ ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል፤ ተከድኖም ይቈያል። በዚህ ሁሉ መካከል እመቤቲቱ የምትጠብቅባቸው ቀኖች አሉ። ብዙዎች እነዚያን ቀኖች በጓዳና በሳሎን መካከል በመመላለስ ያሳልፏቸዋል። ብልኋ ሴት ግን ብቅሉ በቅጠል ተሸፍኖ ሳለ ባዘቶዋን ትፈትላለች፤ ድፍድፉ ተከድኖ ሳለ የመሶቡን ክዳን ትፈጽማለች። ስለዚህ የገና ጠላ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ቢጀመር፥ ጠላውም ይበስላል፥ ለእጅ ሥራውም ያልታሰበ ጊዜ ይገኛል።

ስለ ዳቦውም እንደዚሁ ነው። ለድፎ ዳቦ የተቦካ ሊጥ በነፋስ መውጫ ብርድ እንደ ቆላው ቶሎ ኩፍ አይልም፤ ከምድጃው አጠገብ በልብስ ተሸፍኖ ማደር ያስፈልገዋል። ሌሊቱን ሊጡ ሲነሣ፥ በማለዳ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ሲሰጠው፥ ጋጋሪዋ እሳቱን ለመጠበቅ ከስፍራዋ አትርቅም። እዚያው ተቀምጣ የምትሠራው ሥራ ግን መመረጥ አለበት። ነጭ ፈትልን በምድጃ አጠገብ ማውጣት አይገባም፤ ጢሱና ጥላሸቱ ያበላሸዋል፥ በቅቤና በበርበሬ የነካ እጅም አሻራውን ይተውበታል። እሳት ዳር የሚስማማው ስፌት ወይም የባና ፈትል ነው፤ ጥጥ በቀን ብርሃን፥ በታጠበ እጅ፥ ከጓዳ ውጪ ይሁን። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለብዙ ቀን የማይበላሽ ስለ ሆነ አስቀድሞ ሊሠራ ይችላል። በጾሙ ወራት የማይጠጣው ወተትም ተንጦ ቅቤው ቢጠራቀም፥ በዓሉ ሲደርስ ከገበያ በውድ ዋጋ ከመግዛት ያድናል።

ከዚህ በኋላ ስለ ሸማኔው መናገር ይገባናል። ሴት የፈተለችውን ልብስ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ታኅሣሥ 20 ቀን ልቃቂቷን ይዛ ሄዳ «አያ፥ ለከተራ አድርስልኝ» ብትለው፥ «እሜቴ፥ ከፊትዎ ስድስት ሰው አለ፤ የማን ድር ልቍረጥ?» ቢላት ምን መልስ አላት? ከሸማኔው ጋራ ውል መግባት የሚገባው በኅዳር ነው፤ ዋጋውም ያን ጊዜ ተነጋግሮ ከፊሉን አስቀድሞ መክፈል የጨዋ ሰው ሥራ ነው። ባለ ሥልጣን ነኝ፥ ባለ ርስት ነኝ ብሎ የድኻውን ተራ አስለቅቆ የራሱን ማስቀደም ነውር ነው። በአገራችን በድሮው ዘመን ባለ እጅ በሙያው ይሰደብ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የሸማኔን ሥራ ለብሶ በጥምቀት ሜዳ እየተመጻደቁ ሸማኔውን መናቅ የሚያሳፍር ነው፤ ይልቁንም ልብሱ ለምን ዘገየ ብሎ ከመቈጣት በፊት ፈትሉን መቼ ሰጠነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለቤት ጌቶችም የምንለው አለን። የድግሱን ልክ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባልየው ነው፤ ልፋቱን የምትሸከመው ግን ሚስቲቱ ናት። ስለዚህ ስንት እንግዳ እንደሚጠራ በታኅሣሥ መጀመሪያ ይነገራት። በዋዜማው ሃያ ሰው ጨምሬአለሁ የሚል ጌታ፥ በዚያ ሌሊት የሚፈጨውን፥ የሚቦካውንና የሚጋገረውን አላሰበም። በጋይንትና በስማዳ ዝናብ አጥሮ እህል የሚያንስባቸው ዓመታት እንዳሉ የማያውቅ የለም፤ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመርም እነዚህ ወረዳዎች ከታቀፉት ውስጥ ነበሩ። በእንዲህ ያለ አገር ገብሱን ሁሉ በሁለት በዓል ለጠላ አፍስሶ በሰኔ ለዘርና ለምግብ መቸገር ድግስ ማማር አይባልም። ለልብስም ሲባል መበደር እንዲሁ ነው። ተረቱ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አለ እንጂ፥ ለጥምቀት ተበደር አላለም። በቤት ያለውን ጅምር ፈትል ፈጽሞ መልበስ፥ ከነጋዴ ቤት በዱቤ አዲስ አምጥቶ እስከ ሰኔ ባለ ዕዳ ሆኖ ከመኖር እጅግ የተሻለ ነው።

ወንዶችም እጃቸውን ቢጨምሩ ክብራቸው አይቀነስም። በልማድ መፍተል የሴት፥ መሸመን የወንድ ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ አንዱን ሸማኔ ሥራ ላለማስፈታት የብዙ ሴቶች እንዝርት ይደክማል። ከነዚህ አገሮች በስተ ምዕራብ በፎገራ ወረዳ፥ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረ ሰብ ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል። በዚያ ዋናው መተዳደሪያ ሽመና ሲሆን፥ ወንዱም ይፈትላል፥ እንጀራም ይጋግራል፤ ሴቲቱም በሸማኔ ጕድጓድ ገብታ ትሸምናለች፥ ታርሳለችም። የዚያን ማኅበር ሥርዐት ሁሉ ተከተሉ ማለታችን አይደለም፤ ሆኖም ሥራው በእጅ ብዛት እንጂ በጾታ ሳይከፈል ሊሠራ እንደሚችል ከዚያው ከጎረቤት አገር ምስክር አለን። ባልየው ውኃና እንጨት ቢያቀርብ፥ ጌሾውን ቢወቅጥ፥ ጎልማሳው ልጅም የበጉን ጠጉር ቢነድፍ፥ እናቲቱ ፈትሏን ለመፈጸም አንድ ሳምንት ታገኛለች።

እንግዲህ ቃላችንን በጥቂቱ እንሰብስብ። ጅምሩን ሁሉ አውጥቶ መቍጠር፤ ለሸማኔ የሚሄደውን ከሁሉ አስቀድሞ መስጠት፤ ለድግሱ የሚያገለግለውን ዕቃ ከጌጡ በፊት መፈጸም፤ ብቅሉና ሊጡ በሚጠበቅበት ሰዓት እጅን ሥራ አለማስፈታት፤ እስከ ጥምቀት ድረስም አንድ አዲስ ሥራ እንኳ አለመጀመር። ይህ የመጨረሻው ለብዙዎች ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ አዲስ ጥለትና አዲስ አለላ ሲታይ ልብ ይሸፍታልና። ነገር ግን ጥር 11 ቀን ልጆቿ በእናታቸው ፈትል ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ ሲወርዱ፥ ሽማግሌው አባቷም በባናው ተጠቅልሎ ታቦቱን ሲከተል የምታይ እመቤት፥ የጀመረችውን መፈጸሟ ምን እንዳተረፈላት ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። የሚያጓጓው አዲሱ ሥራም እስከ ቃና ዘገሊላ ማግስት ቢቈይ የሚያመልጥ አይደለም። ለመላው አንባብያን ቤት ሁሉ የሥራ ፍጻሜና መልካም በዓል እንመኛለን።